ኮዱንስ ታውቂዋለሽ፣ አሁን አውሪው

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። በዚህ ወር የደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው፣ ጥያቄያቸውም ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፣ ትልልቆቹ የቴክ ካምፓኒዎች ለጀማሪ የሶፍትዌር ሥራ ኢንተርቪው ሲጠሩን እንዴት ነው የምንዘጋጀው የሚል። እኔም የዛው አገር ልጅ ነኝ፣ የጦሳን ተራራ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ስለዚ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለናንተ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋ ልጅ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታለም። ኮምቦልቻ ነው ምኖረው፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሌትኮድ (የኮድ ጥያቄ መለማመጃው ድረ ገጽ) ላይ ከ300 በላይ ጥያቄ ሰርቻለሁ፣ ኢዚ (ቀላል) ሚባሉትን ወዲያው ነው ምጨርሳቸው፣ ሚዲየሙንም (መካከለኛውን) ብዙውን እችለዋለሁ። ባለፈው የአንድ የውጭ ካምፓኒ ኦንላይን ፈተና አልፌ ለ45 ደቂቃ ኢንተርቪው ጠሩኝ፣ የመጣው ጥያቄ የማውቀው ዓይነት ነበር፣ ግን ሰውየው በቪዲዮ ሲያየኝ አፌ ተያዘ፣ ዝም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፣ አለሽ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩና ተመልሼ ዝም። መጨረሻ ላይ ኮዱን ጽፌዋለሁ፣ ልክም ነው ብዬ አስባለሁ፣ ግን በ3ኛው ቀን ይቅርታ የሚል ኢሜል መጣ። ኮዱ ልክ ከሆነ ለምን ጣሉኝ? አሁን ሌላ ካምፓኒ ከ6 ሳምንት በኋላ ቀጥሮኛል፣ ሌላ 200 ጥያቄ ልጨምር ወይስ ምን ላድርግ? (ከቦርከና ማዶ)

መልስ፦ አብሽሪ የኔ እህት። እስከዚ መድረስሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ኦንላይን ፈተናው ላይ ስንቱ እንደሚቀር ታውቂያለሽ። ግን ሌላ 200 አትስሪ። 300 የሰራሽ ሰው ያልቻልሽው ጥያቄ መፍታት አይደለም፣ ያልቻልሽው እየፈታሽ ማውራት ነው፣ እሱን ደግሞ ሌትኮድ ላይ ብቻሽን ተቀምጠሽ 1000 ብትሰሪ አትለምጂውም።

ነገሩ እንዲገባሽ ከዛኛው ጫፍ ያለው ሰው ምን እየሰራ እንደሆነ ልንገርሽ። እሱ አንቺ ስትጽፊ እሱም እየጻፈ ነው። ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳሽው፣ ምን ምን መንገድ እንዳሰብሽ፣ የትኛውን ለምን እንደመረጥሽ፣ ስህተትሽን ራስሽ አገኘሽው ወይስ እሱ ነገረሽ፣ ይሄን ሁሉ ማስታወሻ ይይዛል። ጎግልን ብንወስድ ኢንተርቪው ያደረገሽ ሰው ብቻውን አይወስንም፣ የሱ ጽሑፍ ከሌሎቹ ኢንተርቪወሮች ጽሑፍ ጋር ተደርጎ አንቺን አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች ያሉበት የቅጥር ኮሚቴ ያነበዋል። አማዞንም ከሚጠይቁሽ ሰዎች መሀል አንዱ ባር ሬዘር የሚባል ከሌላ ቲም የመጣ ሰው ነው፣ ቅጥሩ ላይ ትልቅ ድምፅ አለው፣ ሁሉም የጻፉትን ይዘው ነው የሚነጋገሩት። እና አንቺ በልብሽ ሦስት መንገድ አወዳድረሽ ጥሩውን መርጠሽ ከሆነ፣ ያልተናገርሽው ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው "ብዙ ዝም አለች፣ ከዛ ኮድ ጻፈች" ነው። ይሄንን ያነበበ ሰው ኮዱን ሸምድዳው ይሆናል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ይሄ ነገር እኛ ላይ የሚጠናው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍል ውስጥ መልሱን እርግጠኛ ሳትሆኚ እጅሽን አታወጪም፣ ትልቅ ሰው ፊት ሀሳብሽን ሳትጨርሺ አትናገሪም፣ ያልበሰለ ነገር ማውራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ኢንተርቪው ላይ የሚፈለገው ግን ያልበሰለውን ሀሳብ እያወጣሽ እፊቱ ማብሰል ነው። በተፈጥሮ የሚመጣ አይደለም፣ ልምምድ ነው።

በምሳሌ ልሂድ። ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል፣ ሰኞ ገበያ ያለ አንድ ነጋዴ የዕቃዎቹ ዋጋ ዝርዝር አለው፣ ተደምረው ልክ 500 ብር የሚመጡ ሁለት ዕቃዎች አሉ ወይ? ይሄ ቱ ሰም የሚባለው ጥያቄ እንደሆነ ወዲያው ይገባሻል፣ እጅሽ ሀሽ ማፕ (ያስቀመጥሽውን ነገር ወዲያው ፈልጎ የሚያገኝልሽ መዝገብ) ሊጽፍ ይቸኩላል። አትጻፊ። መጀመሪያ ጠይቂ። ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሯል ወይስ እንደመጣ ነው? 250 ብር የሆነ አንድ ዕቃ ብቻ ቢኖር እሱኑ ሁለቴ መደመር ይፈቀዳል? ከአንድ በላይ ጥንድ ካለ ሁሉንም ነው የምትፈልገው ወይስ አንዱ ይበቃል? ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን ምን ልመልስ? ስንት ዕቃ ነው፣ 20 ነው ወይስ 100,000? ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሆን ተብሎ ጎደሎ ሆኖ ነው የሚሰጥሽ፣ ትጠይቂ እንደሆነ ለማየት።

ከዛ ቀላሉን መንገድ ተናገሪ፣ ብታፍሪበትም ተናገሪው። "እያንዳንዱን ዋጋ ከሌላው ሁሉ ጋር ብደምረው መልሱ ይገኛል፣ ግን ዕቃው 100,000 ከሆነ 5 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ ነው የማየው፣ ቀርፋፋ ነው" በዪ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ነገር እንዳሳየችልሽ አስቢ፣ የሚሰራ መልስ አለሽ፣ ዋጋውን አውቀሽዋል፣ የተሻለ እየፈለግሽ ነው። ቀጥለሽ "አንድ ዋጋ ሳይ የሚጎድለኝን አውቀዋለሁ፣ 180 ካየሁ የምፈልገው 320 ነው፣ ስለዚ ያለፍኳቸውን ዋጋዎች ሀሽ ማፕ ውስጥ ባስቀምጥ ዝርዝሩን አንዴ ብቻ ሄጄበት እጨርሳለሁ፣ 100,000 እርምጃ ነው፣ በምትኩ ሜሞሪ እከፍላለሁ" ትያለሽ። ዝርዝሩ የተደረደረ ነው ካለሽ ደግሞ አንድ ጣት ከመጀመሪያው አንድ ጣት ከመጨረሻው አድርገሽ ወደ መሀል ማምጣት ትችያለሽ፣ ሜሞሪም አይፈልግም፣ ይሄንንም ጥቀሺው። ከዛ በኋላ "በሁለተኛው ልጽፈው ነው፣ ይስማማሃል?" ብለሽ ጠይቂና ጻፊ። ስትጨርሺ ጨርሻለሁ ብለሽ እጅሽን አታጣጥፊ፣ 180፣ 250፣ 320 የሚል ትንሽ ዝርዝር ወስደሽ መስመር በመስመር እያነበብሽ አስሂጂው። እዛ ላይ ነው "ቆይ፣ መጀመሪያ ማፑ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ ብፈልግ 250 ራሱን ያገኛል፣ ስለዚ መጀመሪያ ፈልጌ ከዛ ነው ምከተው" የምትዪው፣ ስህተትሽን ራስሽ ስታገኚ ደግሞ ማስታወሻው ላይ ጥሩ ሆኖ ነው የሚገባው።

አሁን 6 ሳምንትሽን እንዲህ አድርጊው። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ከሰው ጋር ሞክ ኢንተርቪው (የልምምድ ኢንተርቪው) አድርጊ፣ ያንቺው ባች ጓደኛ ትበቃለች፣ 45 ደቂቃ ስልክሽ ላይ ሙዪና አንዷ ትጠይቅ አንዷ ትመልስ፣ ከዛ ተቀያየሩ። ጠያቂ መሆንም ያስተምራል፣ ሌላ ሰው ዝም ሲልብሽ ምን ያህል ጨለማ እንደሆነ ያኔ ነው የሚገባሽ። ሰው በሌለበት ቀን ድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ ብቻሽን አውሪ፣ መልሰሽ ስሚው፣ አውቃለሁ መስማቱ ያስጨንቃል፣ ግን ከ20 ሰከንድ በላይ ዝም ያልሽባቸውን ቦታዎች ለይተሽ ምን እያሰብሽ እንደነበር ጻፊ፣ መናገር የነበረብሽ እሱን ነው። ኮዱንም ራሱ እየጨረሰ በማይጽፍልሽ ባዶ ገጽ ላይ ተለማመጂ፣ አንዳንዶቹ ካምፓኒዎች የሚሰጡሽ ኮድ የማያስኬድ ተራ የጽሑፍ ገጽ ነውና።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ በአማርኛ አስረጂው። የምሬን ነው። ሀሳቡ በአማርኛ ካልጠራልሽ በእንግሊዝኛ አይጠራም። ቡና ላይ አቦሉን በአማርኛ አስረድተሽ ቶናው ሲመጣ ያንኑ በእንግሊዝኛ ድገሚው፣ ልዩነቱ ራሱ የቱ ጋ ቃል እንደሚያጥርሽ ያሳይሻል። የተወለወለ እንግሊዝኛ አይጠበቅብሽም፣ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማሰብ ስትፈልጊ ደግሞ "ሌት ሚ ቲንክ ፎር ኤ ሚኒት" ብለሽ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ይፈቀድልሻል፣ ችግሩ ሳይነገር የሚመጣው ዝምታ ነው።

አንድ የራሴን ልጨምር። የመጀመሪያ ኢንተርቪዬ ላይ ጠያቂዋ "ስታክ ብትጠቀሚስ?" አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ሂንት (ፍንጭ) መቀበል ልመና መስሎኝ "አይ ራሴ እደርስበታለሁ" ብዬ በያዝኩት መንገድ ቀጠልኩ፣ 15 ደቂቃ አለቀብኝ፣ ወደቅኩ። ዛሬ እኔ ሌሎችን ስጠይቅ ሂንት የምሰጠው እንዲያልፉ ፈልጌ ነው። ሂንት ሲመጣ ቆም በዪ፣ "ስታክ ያልከው መጨረሻ የገባው መጀመሪያ እንዲወጣ ነው አይደል?" ብለሽ ተቀበዪው፣ አብረሽው ስሪ። ሥራ ቦታ ስትገቢም ቀን በቀን የምታደርጊው እሱኑ ነው።

ለጣለሽ ካምፓኒ ደግሞ በሩ አልተዘጋም፣ ብዙዎቹ ከ6 ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ ድጋሚ ማመልከት ይፈቅዳሉ።

ጥያቄ፦ እህታለም እንዴት ነሽ። ደሴ ነኝ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ 3ኛ ዓመት። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ነው ያለኝ፣ መብራትና ኔትወርክም እንደምታውቂው ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሰርተፍኬቶች ወስጃለሁ፣ ለኢንተርቪው ይጠቅማሉ? ፓይተን ይሻላል ጃቫ? ከምንስ ልጀምር፣ የምጠይቀው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው ሚነግረኝ። (ከሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ 3ኛ ዓመት ላይ ይሄን መጠየቅህ በጣም ጥሩ ነው፣ አብዛኛው ሰው ኤግዚት ኤግዛም ከጨረሰ በኋላ ነው የሚነቃው።

ሰርተፍኬቱ የተማርከው ትምህርት እስከገባህ ድረስ ጠቅሞሃል፣ ሲቪህ ላይ አንድ መስመር ስጠው፣ ከዛ በላይ ግን አትጠብቅበት፣ ኢንተርቪው ላይ ሰርተፍኬትህን አሳየኝ የሚል የለም፣ ይቺን ፍታ ነው የሚሉህ። ቋንቋው የትኛውም ይሁን፣ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ለጀማሪ ኢንተርቪው ብዙ ጊዜ በፈለግከው ጻፍ ነው የሚሉት። ፓይተን አጭር ስለሆነ ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን አንደኛ ዓመት የተማርከው ሲ ፕላስ ፕላስ እጅህ ላይ ካለ በሱ ቀጥል። ክፉው ነገር በየወሩ መቀያየር ነው።

ላፕቶፕ አለመኖሩ ከባድ ነው፣ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም፣ ግን የዝግጅቱ ትልቁ ክፍል ወረቀት ላይ ይሰራል። ድሮ እኮ እነዚህ ኢንተርቪዎች ኋይትቦርድ ላይ በማርከር ነበር የሚደረጉት። ኔትወርክ ሲኖር ማታ ሁለት ጥያቄ ስልክህ ላይ ስክሪንሾት አንሳ፣ ጠዋት በደብተር ፍታው፣ ኮዱን በእስክሪብቶ ጻፍ፣ በትንሽ ቁጥር በእጅህ አስሂደው፣ ላብ ስትገባ ወይ ጓደኛህ ላፕቶፕ ሲያውስህ ብቻ ትይብና ታያለህ። እንደዚህ የተለማመደ ሰው ኮምፒውተሩ ስህተቱን እስኪነግረው አይጠብቅም፣ ዓይኑ ራሱ ይይዘዋል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፣ አሬይና ስትሪንግ፣ ከዛ ሀሽ ማፕ፣ ቱ ፖይንተርና ስላይዲንግ ዊንዶው፣ ስታክና ኪው፣ ሊንክድ ሊስት፣ ባይነሪ ሰርች፣ ሪከርሽን (ኮድ ራሱን መልሶ ሲጠራ) በደንብ ከገባህ በኋላ ትሪ፣ ከትሪ ግራፍ፣ ሂፕ፣ መጨረሻ ላይ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ። ሪከርሽን ላይ አትሩጥ፣ እሱ ሳይገባህ ትሪና ግራፍ ጋ ብትሄድ የምትሸመድደው ነገር ብቻ ነው የሚተርፍህ፣ ብዙ ልጆች እዛች ላይ ነው ቆመው የሚቀሩት። ቢግ ኦን (ዳታው ሲበዛ ኮዱ ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ የሚለካበትን) ደግሞ እንደ ቀመር አትያዘው፣ እንደ ዋጋ ያዘው። 1,000,000 የተደረደሩ ስሞች ውስጥ አንድ ስም ፍለጋ ከላይ ጀምረህ አንድ በአንድ ብትሄድ በከፋ ቀን ሚሊዮን ጊዜ ታያለህ፣ ባይነሪ ሰርች ግን በየጊዜው ግማሹን እየጣለ ስለሚሄድ 20 ጊዜ አይቶ ይጨርሳል። ይሄን ለእናትህ ማስረዳት ከቻልክ ገብቶሃል።

በቀን ሁለት ጥያቄ ይበቃል፣ የፈታኸውን ከሦስት ቀን በኋላ ሳታይ ድገመው፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። በደንብ የገቡህ 150 ጥያቄዎች ተቻኩለህ ካለፍካቸው 500 ይበልጣሉ። የራስህ የሆነ አንድ ፕሮጀክትም ይኑርህ፣ ከቲውቶሪያል የተቀዳ ሳይሆን ሰው የሚጠቀምበት፣ ለምሳሌ የሰፈር ሱቅ የዱቤ መዝገብ ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ የሚሰራ፣ መብራት ሲጠፋ ዳታው እንዳይጠፋ ምን እንዳደረግክ ስትናገር እውነተኛ ችግር የፈታ ሰው ሆነህ ነው የምትታየው።

ሲቪህ አንድ ገጽ ይሁን። እኛ አገር የለመድነውን ፎቶ፣ የትዳር ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቦታ ምናምን ሁሉ አውጣው፣ እነሱ ጋ አያስፈልግም። ስምህን ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ጻፍ፣ የምረቃ ዓመትህን በፈረንጅ አቆጣጠር።

ብቻህንም አትሁን። አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ፕሮግራም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በነፃ ለእንደዚህ ዓይነት ኢንተርቪው ያዘጋጃል፣ ማመልከቻው ሲከፈት ሞክር። የኢንተርንሺፕ ማመልከቻ ብዙ ቦታ የሚከፈተው ከመስከረም እስከ ህዳር ባለው ጊዜ ለሚቀጥለው የነሱ በጋ (በኛ ክረምት) ነው፣ ግንቦት ላይ መፈለግ ስትጀምር አልፎሃል። አሜሪካ ብቻም አትይ፣ የአሜሪካው ኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ በዓመት ኮታው 85,000 ሆኖ በዕጣ ነው የሚወጣው፣ ኢንተርቪውን አልፈህም ዕጣው ሊጥልህ ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ናይሮቢ ላይ የልማት ማዕከል ከፍቷል፣ ጎግልም በ2022 እዛው ናይሮቢ የራሱን እንደሚከፍት አስታውቋል፣ ለንደንና ደብሊንም ከውጭ ሰው የሚቀጥሩ ቢሮዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም። ከቧንቧ ውሃ ነው። አማዞን ላይ ቢሄቪየራል የሚባለው ጥያቄ ይበዛል ይላሉ፣ ከሰው ጋር የተጋጨህበትን ንገረን፣ የወደቅክበትን ንገረን ዓይነት። እኔ ተቀጥሬ ሰርቼ አላውቅም፣ ምን ታሪክ ልናገር? ሌላው ደግሞ በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ትምህርቴ ተቋርጦ ነበር፣ ዓመቱ ሲቪዬ ላይ ክፍተት ሆኖ ይታያል፣ ልደብቀው?

መልስ፦ አትደብቀው ወንድሜ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርገህ "በ2021 መጨረሻ ጦርነት ከተማችን ስለደረሰ ትምህርት ተቋረጠ፣ ተመልሼ ጨረስኩ" በልና ያኔ የሠራኸው ወይ ያነበብከው ነገር ካለ ጨምር፣ ከሌለም ወደ ሌላው እለፍ። ያየኸውን ሁሉ የመተረክ ግዴታ የለብህም፣ ይሄን በደንብ ያዝልኝ፣ ለማያውቁህ ሰዎች በ45 ደቂቃ ውስጥ ቁስልህን እንድትከፍት ማንም ሊጠብቅብህ አይገባም።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ አማዞን 16 የአመራር መርሆች አሉት፣ ድሮ 14 ነበሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት ጨመሩበት፣ ጥያቄዎቹ በነሱ ዙሪያ ነው የሚሽከረከሩት፣ ደንበኛን ማስቀደም፣ ኃላፊነት መውሰድ፣ ወደ ሥሩ ጠልቆ ማየት፣ እንደዚህ ዓይነት። የሥራ ልምድ የግድ አይደለም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰርተህ የለ? አምስት ሆናችሁ ጀምራችሁ ሁለቱ ጠፍተው ሥራው አንተ ላይ ወድቆ አያውቅም? የአጎትህን ሱቅ ሂሳብ አልያዝክም? የጀማዓ ወይ የማህበር ገንዘብ ሰብስበህ አታውቅም? እነዚህ ሁሉ ታሪክ ናቸው። ስምንት ያህል ምረጥና እያንዳንዱን ስታር በሚሉት መንገድ አደራጀው፣ ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግክ፣ ምን ውጤት መጣ። ሁለት ደቂቃ የሚሆን ነገር ነው፣ ከዛ ውስጥ አብዛኛው ያደረግከው ላይ ይሁን፣ ሁኔታውን ስንተርክ ጊዜው ያልቅብናል።

የኛ ልጆች የሚወድቁባት ቦታ ግን ሌላ ናት። "እኛ" እንላለን። "እኛ ዳታቤዙን ቀየርነው፣ እኛ ጨረስነው።" ራስን ማስቀደም ነውር ሆኖብን ነው፣ ጨዋነት ነው፣ እኔም እንደዛ ነኝ። ጠያቂው ግን የሚቀጥረው አንተን ነው፣ "አንተስ ምን ሰራህ?" እያለ ደጋግሞ ከጠየቀህ እየጠፋህበት ነው። ጓደኞችህ የሰሩትን ለነሱ ስጥ፣ አንተ የሰራኸውን "እኔ" ብለህ ተናገር፣ ውሸት እስካልሆነ ድረስ ጉራ አይደለም። ስለ ወደቅክበት ሲጠይቁህ ደግሞ እውነተኛ ውድቀት ንገራቸው፣ "በጣም ጠንቃቃ መሆኔ ነው ችግሬ" የሚለውን ሺህ ጊዜ ሰምተውታል።

ጥያቄ፦ እባክሽ አጭር ናት። የኢንተርቪው ኢሜል 10፡00 ኤኤም ጂኤምቲ ይላል፣ በኛ ስንት ሰዓት ነው? መብራት ቢጠፋስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። እኛ ከጂኤምቲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚ በፈረንጁ 1 ፒኤም ይሆናል፣ በኛ አቆጣጠር 7። ግን ተጠንቀቂ፣ እንግሊዞች ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ ያኔ የለንደን 10 ሰዓት በኛ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚውለው። "10 ሰዓት" የሚለውን አንብበው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተቀመጡ ልጆች አውቃለሁ። ኢሜሉን መልሰሽ በአዲስ አበባ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጽፈሽ አረጋግጪ፣ ማንም አይከፋም። ለመብራቱ፣ ላፕቶፑንም ስልኩንም ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፣ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይኑርሽ አንዱ ሲሄድ በሌላው ሆትስፖት እንድታደርጊ፣ ከተቻለም ጀነሬተር ያለው ሆቴል ወይም ቢሮ ያለው ዘመድ ቀደም ብለሽ ለምኚ። የሪክሩተሯን (ቅጥሩን የምታስተባብረውን ሴትዮ) ኢሜል ስልክሽ ላይ ክፍት አድርጊው፣ ከተቋረጠ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጻፊላት፣ ሌላ ቀን ይሰጡሻል። አጠገብሽ ኤአይ ከፍተሽ እያነበብሽ መመለስን ግን አትሞክሪው፣ ዓይንሽም ያስታውቃል፣ ከተያዝሽም ካምፓኒው ተመልሶ አያይሽም።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሆጤ ነው የምኖረው። ልጄ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ወዲህ ክፍሏን ዘግታ በእንግሊዝኛ ብቻዋን ስታወራ ትውላለች፣ ስትቆጣ፣ ስትጠይቅ፣ ራሷ ስትመልስ እሰማታለሁ። ለኢንተርቪው ነው ትለኛለች። እናቷ በጣም ተጨንቃለች፣ ጎረቤትም ጠይቆናል። ይሄ ነገር ጤና ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልኝ። ጤና ነው፣ ከጤናም በላይ ልክ የሆነ ዝግጅት ነው። ከላይ ለኮምቦልቻዋ ልጅ የጻፍኩትን ቢያነቡት ልጅዎ ማንም ሳይነግራት የደረሰችበት ነገር ነው፣ ኢንተርቪው ላይ ሀሳቧን እያወጣች መፍታት አለባት፣ እሱን ነው የምትለማመደው። ለእናቷም እንደዚሁ ይንገሩልኝ፣ ድሮ ቁርዓን ቤትም ቄስ ትምህርት ቤትም ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልነበር የሚማረው?

አንድ ነገር ግን ጎድሏታል፣ የሚሰማት ሰው። እሱን ደግሞ አንቱ ይችሉታል፣ ስንት ዓመት ተማሪ ሲያስረዳ የሰሙ ሰው ነዎት። ኮድ ማወቅ አያስፈልግዎትም። ማታ ማታ አንድ ጥያቄ ይዛ ትምጣ፣ እርስዎ ፊት በአማርኛ ታስረዳ፣ እርስዎ ደግሞ ያልገባዎትን አልገባኝም ይበሏት፣ ለምን እንዲህ አደረግሽ፣ ሌላ መንገድ የለም ወይ፣ ይሄ ዝርዝር ባዶ ቢሆንስ ይበሏት። ገብቶኛል ብለው አይራሩላት። ዝም ስትል ሰዓትዎን አይተው ምን እያሰብሽ ነው ይበሏት። 45 ደቂቃ ሲሞላ ያቁሙት፣ ቡናው ከዛ በኋላ ይፈላል። እንግሊዝኛውን ለእኔ ይተዉልኝ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እጠይቃታለሁ፣ ስልኳን በመጽሔቱ በኩል ይላኩልኝ።